የሚጠባ ክፍል፣ የተነፋ ክፍል

ጓደኛዬ የላከልኝ መልእክት አጭር ነበር። «ሱቅ ውስጥ ነኝ። አየር የሚያስገባውን ፋን ልግዛ ወይስ የሚያስወጣውን? ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ቶሎ በለኝ!» እሱ ዴንሃግ ነው፤ ፋኑን የሚፈልገው ቤቱ ውስጥ ለተከለው የተክል ማብቀያ ድንኳን ነው። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ልቀበል ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ፣ መውጫው በር ላይ ተገትሬያለሁ። «የሚያስወጣውን» ብዬ በአንድ ቃል መገላገል እችል ነበር፤ መልሱም ስሕተት አይሆንም። ግን የቆምኩበት ቦታ ራሱ ለዚህ ጥያቄ ተብሎ የተሠራ መሰለኝና አላስቻለኝም። ዘመዴ ሻንጣውን ይዞ እስኪወጣ ስጽፍለት የቆየሁትን፣ አሁን ሰፋ አድርጌ ለእናንተም ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ወደ እግራችን እንይ። ስኪፖል የሐይቅ ወለል ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1852 ድረስ እዚህ ላይ ሃርለመርሜር የሚባል ሰፊ ሐይቅ ተኝቶ ነበር። በ1836 የተነሣ ማዕበል ውሃውን አንዴ እስከ አምስተርዳም፣ አንዴ እስከ ላይደን ደጃፍ ሲገፋው፣ ሆላንዶቹ «በቃ» አሉና ሊያደርቁት ቆረጡ። ሌግዋተር፣ ክሩኪዩስና ላይንደን የተባሉ ሦስት የእንፋሎት ፓምፕ ጣቢያዎች ከ1849 ጀምረው ሐይቁን መጠጡት። የክሩኪዩሱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ የሞተሩ ሲሊንደር ወርዱ 3.66 ሜትር ስለሆነ አንድ ቤተሰብ ትሪ ዘርግቶ ምሳ ሊበላበት ይችላል። አውሮፕላን የሚያርፍበት መሬት አሁንም ከባሕር ወለል 3 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው፤ ፓምፖችም ዛሬ ድረስ ይሠራሉ። ለምን መሰላችሁ? ማንም ውሃ ሳያስገባ፣ ውሃው በየስንጥቁ ከሥርም ከጎንም እየሰረገ ይመጣል። ውስጡ የጎደለ ነዋ! የሚያወጣ እንጂ የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው ቦታ ይህን ይመስላል፦ ፍሳሹ ሁሉ ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞራል።

አሁን ደግሞ ቀና እንበል። ከራሳችን በላይ የሚያልፈው አውሮፕላን የዚህ ግልባጭ ነው። አብዛኛው የመንገደኛ አውሮፕላን ከሞተሩ መጭመቂያ ላይ አየር ቀንሶ ወደ ክፍሉ ይነፋል፤ ቦይንግ 787 ደግሞ በኤሌክትሪክ መጭመቂያ ይነፋል። የተነፋው አየር ከኋላ በኩል ባለች የምትከፈት የምትዘጋ ቀዳዳ በልክ በልክ ይወጣል። ውስጡ ከውጪው ይበልጥ የተነፋ ስለሆነ፣ በር ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት ብትኖር አየሩ የሚሸሸው ወደ ውጪ ነው። (በነገራችን ላይ፣ በብዙዎቹ አውሮፕላኖች የክፍሉ ግፊት ከፍ ብሎ ሲበር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን ያህል ይወርዳል። ይህ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙ አይለይም። የቆላ ሰው «ጆሮዬ ተደፈነ» ሲል የአዲስ አበባ ሰው ቤቱ ያለ ያህል ነው።) እዚያው አውሮፕላን ውስጥ ያለው መጸዳጃ ቤት ግን በተቃራኒው ይጠባል፤ ያንን ድምፅ የሰማ አይረሳውም።

እንግዲህ የጓደኛዬ ጥያቄ ይኸው ነው። ክፍልህ እንደ ሐይቁ ወለል የሚጠባ ይሁን፣ ወይስ እንደ አውሮፕላኑ የተነፋ?

ሱቁ ውስጥ «ሁለት ዓይነት ፋን አለ» ያሉት እንደሆነ ደግሞ ነገሩን አወሳስበውበታል። በቱቦ መሐል የሚገባው ክብ ፋን አንድ ነው። ቀስቱን ወደ ክፍሉ ካዞርከው አስገቢ፣ ወደ ደጅ ካዞርከው አውጪ ይባላል። ያው ፋን፣ ያው ሞተር፣ ያው ዋጋ። በሰዓት የሚያንቀሳቅሰውም አየር ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ከአንድ ክፍል አየር ሲወጣ የወጣውን ያህል በሆነ ቀዳዳ ይገባል፣ ሲገባም የገባውን ያህል በሆነ ቀዳዳ ይወጣል። ስለዚህ አቅጣጫውን ስትመርጥ የምትመርጠው የአየሩን ብዛት አይደለም። ያልቆጠርካቸው ቀዳዳዎች፣ ማለትም የዚፑ ጥርስ፣ የገመድ ማሳለፊያው፣ የበሩ ሥር፣ በየትኛው አቅጣጫ እንዲተነፍሱ እንደምትፈልግ ነው። እኔ ይህን እስክረዳ ድረስ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል።

ጓደኛዬ የሚያበቅለው በሶብላ ነው። በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ጥቂት ቃሪያ። ሳቅ እንዳይመጣባችሁ! በታኅሣሥ አጋማሽ እዚህ አገር ፀሐይ ከ8 ሰዓት በታች ብቻ ነው የምትታየው፤ ያውም ከታየች። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን ለምዶ የኖረ የበሶብላ ዘር እዚህ መስኮት ሥር ሲቀመጥ ቀጥኖ ቀጥኖ ይወድቃል። ስለዚህ ጓደኛዬ ጣሪያ ሥር ያለችው ክፍል ውስጥ ጎንና ጎኑ 1.2 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ድንኳን ተከለ፤ 240 ዋት የሚበላ የኤልኢዲ መብራት ሰቀለበት፤ ዚፑን ዘጋው። በማግስቱ ሲከፍተው የእንፋሎት ቤት ሆኖ ጠበቀው።

መብራት ማለት ምድጃ ነው። 240 ዋት የገባበት ድንኳን፣ ጥቂቷ ብርሃን በቅጠሉ ብትበላም፣ 240 ዋት ገደማ ሙቀት ሊወጣለት ይገባል። ተክሉ ደግሞ ከጠጣው ውሃ አብዛኛውን በቅጠሉ ይተነፍሰዋል። የአየሩ እርጥበት ሲሞላ ቅጠሉ መተንፈስ ያቅተውና ሻጋታ ይጋበዛል። ሦስተኛው ነገር የተቃጠለ አየር የምንለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ለእኛ ቆሻሻ የሆነው ለተክሉ እንጀራ ነው፤ ደጅ ካለው አየር ከአንድ ሚሊዮን እጅ 420 እጅ ገደማ ብቻ ነው፣ በዝግ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ብርሃን እየበራ ፈጥኖ ይመናመናል። ሦስቱም ችግሮች መድኃኒታቸው አንድ ነው፦ አየሩን መለወጥ።

ምን ያህል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በየደቂቃው አንድ ጊዜ የክፍሉን አየር ለውጥ» ብሎ ይነግራችኋል። ለጓደኛዬ ድንኳን ሲሰላ 1.2 በ1.2 በ2 ማለት 2.88 ሜትር ኩብ፣ በ60 ሲባዛ በሰዓት 173 ሜትር ኩብ ነው። እኔ ይህን ሕግ አልወደውም፤ ሰነፍ ሕግ ነው። መብራቱን አያይም። የተሻለው ስሌት ይህ ነው፦ የመብራቱን ዋት ውሰድ፤ ድንኳኑ ከሚገባው አየር በስንት ዲግሪ ቢበልጥ እንደምትታገሥ ወስን፤ ዲግሪውን በ0.34 አባዛ፤ ዋቱን ለዚያ አካፍል። 0.34 የሚለው አንድ ሜትር ኩብ አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው ሙቀት ነው፣ በዋት-ሰዓት። ጓደኛዬ 4 ዲግሪ ይታገሣል እንበል፦ 240 ለ1.36 ሲካፈል በሰዓት 176 ሜትር ኩብ። ሁለቱ መንገዶች እዚህ ላይ መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው። ነገ 480 ዋት ቢሰቅል ሰነፉ ሕግ አሁንም 173 ይላል፣ ትክክለኛው ግን ከ350 በላይ ነው። ከመብራቱ ሙቀት ከፊሉ ውሃ በማትነን ስለሚጠፋ ቴርሞሜትሩ ትንሽ ቀለል ያለ ነገር ያሳያችኋል፤ ያም ቢሆን እርጥበት ሆኖ መውጣቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የምወዳት ነገር አለች። 0.34 የምትለው ቁጥር የቆላ ቁጥር ናት! በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ አንድ ሜትር ኩቡ የሚመዝነው ስኪፖል ላይ ከሚመዝነው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ስለዚህ ቁጥሯ ወደ 0.26 ትወርዳለች። ያው 240 ዋት መብራት፣ ያው 4 ዲግሪ፣ ቦሌ ጀርባ ቢተከል በሰዓት 230 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አምናችሁ ከሮተርዳም ፋን ገዝታችሁ ወደ አገር ቤት የምትልኩ ካላችሁ፣ በመጠን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። መመሪያ ወረቀቱ ይህን አይነግራችሁም።

ወደ አቅጣጫው እንመለስ። ቤታችሁ ሻማ ካለ አብሩና ከክንድ ርቀት ላይ «ፍ» በሉበት፤ ይጠፋል። አሁን ከዚያው ርቀት ላይ አየር ወደ ውስጥ ሳቡና አጥፉት። ቀኑን ሙሉ ብትስቡ አይጠፋም። ሲነፋ አየሩ እንደ ጦር ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ሲሳብ ግን ከየአቅጣጫው፣ ከፊትም ከኋላም ከጎንም ተንጠባጥቦ ይመጣል። የአየር ማናፈሻ መሐንዲሶች የሚሠሩበት ግምት አለ፦ የተነፋ አየር ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ የሚወርደው ከቱቦው ወርድ 30 እጥፍ ርቆ ሲሄድ ነው፤ የሚሳበው ግን ከአፉ አንድ ወርድ ያህል እንደራቃችሁ አንድ አሥረኛ ይሆናል። ወርዱ 12.5 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ቱቦ፣ የተነፋው እስከ 3.75 ሜትር ይደርሳል፤ የሚሳበው 12.5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሞታል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አስገቢ ፋን ቀጥታ ችግኝ ላይ ከተነጣጠረ በሁለት ቀን ቅጠሉን ያደርቀዋል፤ ትንሿ ድንኳን ውስጥ ከዚያ ጦር የሚያመልጥ ተክል የለም። ሁለተኛ፣ አውጪ ፋን ብቻውን ቅጠል አያወዛውዝም። ለዚያ ሌላ፣ ትንሽ፣ ዝም ብላ የምታማስል ማራገቢያ ትፈልጋላችሁ። የምታማስለዋ አየር አትለውጥም፣ የሚለውጠው አያማስልም። ወጥ የምታማስለው ማንኪያ ወጥ አትጨምርም፤ እንዲያ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳትና የጠረጴዛ ማራገቢያ ዝግ ክፍል ውስጥ ከትቶ «ፋን አለኝ፣ ግን አልቀዘቀዘም» ይላል።

ታዲያ አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ለምን አውጪውን ይግዛ? ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ አውጪውን ከላይ ብትሰቅሉት የሚጠባው በጣም የሞቀውንና በጣም የረጠበውን ነው። አባቶቻችን በጎጆ ጣሪያ ጭሱን ሲያስወጡ፣ ንጹሑ አየር ደግሞ በበሩ ሥር ሲገባ ያለ ኤሌክትሪክ የሠሩት ይህንኑ ነው። ቀጥሎ፣ ክፍሉ የሚጠባ ስለሚሆን ያልቆጠራችሁት ቀዳዳ ሁሉ ወደ ውስጥ ይተነፍሳል፤ እርጥበቱና ሽታው ወደ መኝታ ቤታችሁ አይወጣም፣ አየሩ የሚወጣው እናንተ በመረጣችሁት አንድ ቱቦ ብቻ ነው። በዚያ ቱቦ አፍ ላይ የከሰል ፊልተር ማሰር ይቻላል። በአስገቢ ፋን ግን አየሩ በመቶ ቀዳዳ ይወጣልና ፊልተሩን የት ታስሩታላችሁ?

ሽታ ስል የጠረጠራችሁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በዚህ አገር መብራት፣ ድንኳንና የከሰል ፊልተር አንድ ላይ የገዛ ሰው በሶብላ ነው የሚያበቅለው ብሎ የሚያምን ጥቂት ነው። በ2015 ክረምት ሃርለም ከተማ ላይ ፖሊስ፣ የጎረቤቶቹ ጣሪያ ሁሉ በበረዶ ተሸፍኖ የእሱ ብቻ የቀለጠ ቤት ፎቶ አሰራጭቶ ነበር፤ ሥሩ የካናቢስ ማሳ ተገኘ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ለእንዲህ ያለው እርሻ ዕቃ እያወቁ ማቅረብም ወንጀል ሆነ። በሶብላ ወንጀል አይደለም፤ ጣሪያችሁ ቢቀልጥም የምታሳዩት ነገር አላችሁ። ዘሩን በተመለከተ ግን ተጠንቀቁ፦ ከታኅሣሥ 2019 ወዲህ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የሚመጣ የሚዘራ ዘር የተክል ጤና ማረጋገጫ ወረቀት ይጠየቅበታል። አክስት በመሀረብ ቋጥራ የምትልከው ዘር ስኪፖል ላይ ሊወረስ ይችላል።

አውጪ ፋን የገዛ ሰው የሚረሳው ነገር መግቢያውን ነው። ፋኑ የሚያወጣውን ያህል በነፃ የሚገባበት ቀዳዳ ከታች፣ ከአውጪው በተቃራኒ ጥግ ሊኖር ይገባል። ስፋቱም ከአውጪው ቱቦ ቢያንስ እጥፍ። ለምን እጥፍ? አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲሮጥ የሚገጥመው መታገድ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ስፋቱን እጥፍ ስታደርጉ ፍጥነቱ በግማሽ፣ መታገዱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በጓደኛዬ ድንኳን 176 ሜትር ኩብ በ12.5 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ሲያልፍ በሰከንድ 4 ሜትር ይሮጣል፤ መግቢያው ሁለት እንደዚያ ያሉ ቀዳዳዎች ከሆኑ በሰከንድ 2 ሜትር ብቻ። መግቢያው እንደ ጠበበ የሚያሳብቀው ድንኳኑ ራሱ ነው፦ ግድግዳው እንደ ተራበ ሆድ ወደ ውስጥ ይገባል። ትንሽ መግባቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቋሚ ብረቶቹን እስኪያጎብጥ ከገባ ግን ፋኑ እየታገለ ነው።

ከዚህ የበለጠ ለማየት እጣን አጭሱ። የምሬን ነው! መሐንዲሶች ለዚህ ሥራ የጭስ እርሳስ ይገዛሉ፤ እኛ ቤት እጣን ሞልቷል። ፋኑን አስነሡና ማጨሻውን በዚፑ ጥርስ፣ በስፌቱ፣ በገመድ ማሳለፊያው አጠገብ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተጎተተ ክፍሉ ይጠባል፤ ከተገፋ ተነፍቷል። ቀጥሎ መግቢያው ጋ ያዙትና ጭሱ የት እንደሚሄድ ተከተሉት። ተክሎቹን አቋርጦ ወደ ላይኛው ጥግ ከሄደ ደግ፤ በአቋራጭ ሽው ብሎ አውጪው ውስጥ ከገባ ግን መግቢያና መውጫችሁ ተቀራርበዋል፣ የድንኳኑ ሌላው ግማሽ አየር ሳይነካው ይውላል።

የተነፋ ክፍል የሚሻለው መቼ ነው? ወደ ውስጥ የሚገባውን እያንዳንዱን ትንፋሽ መቆጣጠር ሲያስፈልግ። ለዚህ ነው ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚነፋው፣ በአየር የሚተላለፍ በሽታ የያዘው ሰው የሚተኛበት ለይቶ ማቆያ ግን የሚጠባው። ከእርሻ በኩል ጥሩው ምሳሌ እንጉዳይ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በትንንሽ ክፍሎች የሚያመርቱት እንደሚያውቁት፣ እንጉዳይ እንደ እኛ የሚተነፍስ ፍጥረት ነው። የተቃጠለ አየር ያወጣል፤ እሱ ሲበዛበት አንገቱ ይረዝምና ባርኔጣው ይጫጫል። ስለዚህ ብዙ ንጹሕ አየር ይፈልጋል። የሚጠባ ክፍል ውስጥ ብታስቀምጡት ግን በየስንጥቁ የሚገባው አቧራ የሌላ ሻጋታ ዘር ይዞበት ይመጣል። መላው አስገቢ ፋን፣ ፊቱ ላይ ፊልተር፣ ክፍሉ በትንሹ የተነፋ። ነገር ግን የኦይስተር እንጉዳይ ዘር ብናኝ ሳንባ ያስቆጣል፤ መኖሪያ ቤት ውስጥ ከሆነ የሚወጣውንም ወደ ደጅ መምራት ግድ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከስኪፖል በመኪና ሩቅ አይደለም። በዴንሃግና በሮተርዳም መካከል ያለው ዌስትላንድ፣ ሰዎቹ የመስታወት ከተማ የሚሉት፣ ከናልድዋይክ እስከ ደ ሊር መስታወት ነው። በክረምት ምሽት ሰማዩ ብርቱካናማ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። እነዚያ ሁሉ የቲማቲምና የአበባ ቤቶች በምን ይተነፍሳሉ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አብዛኞቹ በጣሪያ መስኮት ነው፦ ሙቀቱ ይወጣል፣ ነፋሱ ይጎትተዋል፣ ኮምፒዩተር ይከፍታል ይዘጋል። ዝዋይና ሆለታ ያሉት የጽጌረዳ ቤቶቻችንም በአብዛኛው የሚኖሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ፕላስቲኩ ከጎን ይጠቀለላል፣ ከላይ ክፍተት አለ። ግን መስኮት መክፈት ለዌስትላንዱ ገበሬ ኪሳራ አለው። ከ2005 ጀምሮ ከሮተርዳም ወደብ፣ ፔርኒስ ካለው የሼል ማጣሪያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቧንቧ እየገዛ ለተክሉ ያበላል፤ መስኮቱ ሲከፈት ገንዘቡ በሰማይ ይበርራል። ለዚህ የመጣው መፍትሔ ከፊል ዝግ የሚሉት ቤት ነው። ፋኖች በአንድ ጎን ተደርድረው የሚፈልጉትን ያህል የውጪና የውስጥ አየር ይቀላቅላሉ፤ በተክሉ መደብ ሥር በተዘረጋ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ አንጀት ይነፋሉ። ቤቱ የተነፋ ስለሆነ ነፍሳት በስንጥቅ መግባት ይከብዳቸዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚያዋጣው ሄክታር ለሚያርስ ነው። 1.44 ካሬ ሜትር ላለው ጓደኛዬ አይደለም።

ሁለቱንስ ቢገዛ? ክፍሉ ምድር ቤት ከሆነ፣ ወይም የሚገባው አየር በረጅም ቱቦ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ፣ ያግዛል። ሮተርዳም ውስጥ በወንዙ ሥር የሚያልፈውን በ1942 የተከፈተውን የማስ ዋሻ ያያችሁ፣ በሁለቱም ዳርቻ የቆሙት ከፍ ያሉ ቤቶች ዋሻው የሚተነፍስባቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ረጅም ጉድጓድ ቀዳዳ ስለተከፈተለት ብቻ አይተነፍስም። ሁለት ፋን ስትሰቅሉ ግን አውጪው በትንሹ ይብለጥ። እኩል ናቸው ብላችሁ ስትተዉአቸው የከሰል ፊልተሩ አቧራ ይይዝና አውጪውን ያደክመዋል፤ አንድ ቀን ክፍሉ ሳታውቁት የተነፋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሽታው ነው የሚነግራችሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ድንኳኑ ብቻውን በሜዳ ላይ እንደቆመ ነው። ድንኳኑ ግን ቤት ውስጥ ነው፤ ቤቱም የራሱ ትንፋሽ አለው። ሆላንዶች የቤት አየር አወጣጥን በፊደል ይጠሩታል፦ ኤ ማለት ሁሉም በተፈጥሮ፣ ቢ ማለት በፋን ማስገባት፣ ሲ ማለት በፋን ማውጣት፣ ዲ ማለት ሁለቱም በፋን። ብዙዎቻችን የምንኖርበት ሲ ነው። ጣሪያ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ሳጥን ቀን ከሌት ያጉረመርማል፤ ከወጥ ቤት፣ ከመታጠቢያና ከመጸዳጃ ቤት ይጠባል። ንጹሑ የሚገባው ደግሞ ከመስኮቱ በላይ ባለችው ቀጭን ፍርግርግ ነው። እናስ ሐበሻ ምን ያደርጋል? ብርድ ገባ ብሎ ፍርግርጉን በፕላስተር ይለጥፋል! ከዚያ ቡና ይቆላል፣ እጣን ያጨሳል፣ ሽሮ ያንተከትካል፣ ልብስ ቤት ውስጥ ያሰጣል፤ በየካቲት ግድግዳው ሲጠቁር ቤት አከራዩን ይወቅሳል። የደች ቤት እኮ ራሱ አውጪ ፋን ያለው ድንኳን ነው፤ መግቢያው ሲዘጋ ሆዱ ይገባል።

ስለዚህ ሁለት ማስጠንቀቂያ። የራሳችሁን ፋን የፎቁ ሁሉ የጋራ በሆነው የአየር ቱቦ ላይ አትሰኩ። ያ ቱቦ ከላይ እንዲጠባ ነው የተሠራው፤ እናንተ ከታች ስትነፉበት አየሩ ወደ ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ይዞራል። የዶሮ ወጥ ቁሌት ሽታ ያለ ግብዣ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ጠብ ያመጣል። ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። ቤታችሁ ውስጥ አየሩን ከክፍሉ የሚወስድ የድሮ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ወይም ምድጃ ካለ፣ ብርቱ አውጪ ፋን በዚያ ክፍል አየር ላይ አይሠራ። ፋኑ መግቢያ ሲያጣ በጭስ ማውጫው በኩል ይስባል፤ መውጣት የነበረበት ጭስ ይመለሳል። ሆላንዶች በዚያ ጭስ ውስጥ ያለውን ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ኮለንዳምፕ ይሉታል፣ የከሰል እንፋሎት ማለት ነው። ከሰል ምድጃ ዘግቶ መተኛት ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ሰው አይነገርም።

ስለ ብርዱም ልጨምር። ፋን አያቀዘቅዝም፤ የሚገባው አየር ካለው በታች ማውረድ አይችልም። በሐምሌ ሙቀት ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል 30 ዲግሪ ከሆነ ድንኳኑ 34 ነው፤ ያን ጊዜ መብራቱን ወደ ሌሊት ማዞር ነው። በጥር ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ደጁ 5 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 90 በመቶ ቢሆንም፣ ያ አየር ገብቶ 22 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ዝናብ የማያባራበት አገር አየሩ ቤት ሲገባ የአፋር በረሃ ይሆናል ማለት ነው። ፋኑን በሙሉ ኃይል እያስሮጡ በሶብላውን ማድረቅ፣ የማሞቂያውንም ሂሳብ ወደ ደጅ መንፋት ሞኝነት ነው። ጓደኛዬ ከሁለተኛ ፋን ይልቅ በተረፈው ገንዘብ ሙቀትና እርጥበት አይቶ ፍጥነቱን የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ቢገዛ ይሻለዋል።

የጻፍኩለት መልስ በመጨረሻ ይህ ነበር፦ «አንድ ፋን፣ ወርዱ 12.5፣ በሰዓት 250 ሜትር ኩብ የሚል፤ ፊልተሩና የቱቦው እጥፋት ይቀንሱታልና። ከላይ ስቀለው፣ ወደ ውጪ አዙረው። ከታች በተቃራኒው ጥግ ሁለቱን ክዳኖች ክፈት። የምታማስል ትንሽ ማራገቢያ ቤትህ አለች። መቆጣጠሪያ ግዛ። ማታ እጣን።» ዘመዴ ሻንጣውን እየገፋ ወጣ፤ ተቃቀፍን፤ ወደ ባቡሩ ሄድን።

ማታ ወደ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ቪዲዮ ልኳል። ማጨሻውን በዚፑ ዙሪያ ሲያሳልፍ ጭሱ በየጥርሱ ሥር እየተሳበ ይገባል፤ ድንኳኑ ሆዱን ስብስብ አድርጓል፤ ጤና አዳሙ እርግብ እርግብ ይላል። ሁሉ አማረ። ከዚያ በድንገት ጆሮ የሚበጣ ጩኸት፣ የልጆች ሩጫ፣ ቪዲዮው ጣሪያውን ያሳይና ይቋረጣል። ከ2022 ሐምሌ ጀምሮ እዚህ አገር በየቤቱ በየፎቁ የጭስ ማንቂያ መኖሩ ግዴታ ነው፤ የጓደኛዬ ደግሞ ልክ ደረጃው አናት ላይ ነው የተሰቀለው። አውጪው ፋን እጣኑን ከድንኳኑ ጠብቶ ጠብቶ እዚያው ኮሪደር ላይ ሲተፋው ቆይቷል። ከድንኳኑ እንጂ ከቤቱ አልወጣም ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጻፈ፦ «እስከ መስኮቱ ስንት ሜትር ቱቦ ልግዛ?»